«አንድ ጊዜ ነው» ብዬ ነበር
ወደ ውጭ ስለሚሸሽ የልጅ ዓይንና ስለ ዳግም ቀዶ ሕክምናው በጎንደር የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ከዳባትና ከደባርቅ ሌሊት ተነሥታችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ቶሎ ወደ ነገሩ ልግባ።

ገና ጀማሪ የዓይን ሐኪም ሳለሁ አንድ አባት የ6 ዓመት ሴት ልጃቸውን ከጃናሞራ ይዘው መጡ። የግራ ዓይኗ ወደ ጆሮዋ በኩል ይሸሻል፤ ይመለሳል፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይሸሻል። መረመርናት፣ ለኦፕራሲዮን ቀን ተያዘላት። አባትየው ስምምነቱን ከመፈረማቸው በፊት፣ «ዶክተር፣ ከዚህ በኋላ አበቃ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም፣ «አይዞዎት፣ አንድ ጊዜ ነው» አልኳቸው።

በ2 ዓመቱ ተመልሰው መጡ። ዓይኗ እንደ ድሮው ሄዷል። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዶክተር፣ የበደልነው ነገር ይኖር ይሆን?» አሉኝ። አንድ ቀን ጠብታው መረሳቱን፣ ልጅቷ ጭስ ያለበት ምድጃ ዳር መቀመጧን፣ ከብት ስታግድ መውደቋን፣ ጎረቤት ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ራሳቸውን ሲከሱ ኖረዋል። ከቆጠሩት አንዱም ዓይኗን እንደገና አላሸሸውም። በደሉ የእኔ ነበር። ቀዶ ሕክምናው ባልከፋ፤ የከፋው «አንድ ጊዜ ነው» ማለቴ ነው። እኒያ አባት ያን ቃል ይዘው ተራራ ወጥተው ወርደዋል። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ያን ቃል ለማረም ነው።

በአማርኛችን «መንሸዋረር» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ጠቅልሎ ይይዛል። ወደ አፍንጫ የሚገባ ዓይን አለ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚሄድም አለ። እኔ የምናገረው ወደ ጆሮ በኩል ስለሚወጣው ብቻ ነው። «ሸውራራ» የሚለውን ግን ለልጅ መጠሪያ አናድርገው። በሠፈር ልጆች ሲጠሩበት ሰምቻለሁ፤ አንዱን ልጅ የገዛ አክስቱ ስትጠራውም ሰምቻለሁ። እንዲህ እየተጠራ ያደገ ልጅ ሰው ሲያናግረው አንገቱን ይደፋል፤ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀ እጁን አያወጣም። ይህን እናንተ መምህራን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ይህ ዓይነቱ ሽሽት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ልጁ አፍ ከሚፈታበት ጊዜ አንሥቶ ትምህርት ቤት እስኪገባ ባለው ዕድሜ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚታየው አልፎ አልፎ ነው። ልጁ ሩቅ ሲያይ፣ ሲደክመው፣ ሲያተኩሰው፣ እንቅልፍ ሲጫጫነው ዓይኑ ይወጣል፤ ቅርብ ሲያይ ይመለሳል። እስቲ ይህን በደጋው ኑሮ ውስጥ አስቡት። ማታ ምድጃ ዳር የእናቱን ፊት እያየ ሲያወራ ዓይኑ ቀጥ ያለ ነው። ያው ልጅ በነጋታው ከብት ይዞ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ማዶ ያለውን ተራራ ሲያይ አንዱ ዓይኑ ይኮበልላል። ስለዚህ ቀድሞ የሚያውቀው እናቱ ሳትሆን አብሮ አደግ እረኛው ነው። «የእገሌ ዓይን አንዳንዴ ይሄዳል» ብሎ የሚነግራችሁን ልጅ «ዝም በል» አትበሉት። ሌላም ምልክት አለ፤ በጠራራ ፀሐይ አንድ ዓይን መጨፈን። በሰሜን ፀሐይ ሁሉም ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፤ ሁልጊዜ አንዱን ዓይን ብቻ ለይቶ የሚጨፍን ልጅ ግን መታየት አለበት።

በዚህ ምክንያት እኛም ስንመረምር ልጁን 6 ሜትር ላይ ያለውን ሰሌዳ ካሳየነው በኋላ መስኮት ዳር እናቆመዋለን። ከከተማው ማዶ ያለውን ኮረብታ፣ ኮረብታው ላይ ያለውን ዛፍ እንዲፈልግ እንጠይቀዋለን። ክፍል ውስጥ ያልታየው ሽሽት ያን ጊዜ ይወጣል።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ አስቸኳይ ነገር አለኝ። በልጅነት ዓይን መንሸዋረር አንዳንድ ጊዜ የሌላ በሽታ ምልክት ነው። በዓይን ውስጠኛው ክፍል የሚነሣ የልጆች ካንሰር አለ፤ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በዓይኑ ብሌን ውስጥ በሚታይ ነጭ ነጸብራቅ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ምልክት መንሸዋረር ነው። ቶሎ ከተደረሰበት ልጁ ይተርፋል፤ ከቆየ ሕይወት ይወስዳል። የዓይን ሞራም፣ ከኩፍኝ ወይም ከቫይታሚን ኤ እጥረት የቀረ ጠባሳም፣ እሾህ ወይም ጅራፍ የጎዳው ዓይንም ማየት ሲያቆም ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ዓይኑ መሄድ የጀመረ ልጅ ሁሉ ብሌኑ በጠብታ ተከፍቶ የዓይኑ ውስጥ ሳይታይ «ሲያድግ ይተወዋል» አይባልም።

አሁን ወደ ጡንቻው። እያንዳንዱን ዓይን የሚያንቀሳቅሱ 6 ጡንቻዎች አሉ። ለዛሬው ጉዳይ የምንፈልጋቸው ሁለቱ ናቸው፤ በአፍንጫ በኩል ያለው ወደ ውስጥ ይስባል፣ በጆሮ በኩል ያለው ወደ ውጭ። የበቅሎ ዛብ አድርጋችሁ ውሰዷቸው። የቀኙ ዛብ ከጠበቀ የበቅሎዋ አንገት ወደ ቀኝ ይዞራል። ለማቅናት ወይ የጠበቀውን ትለቃላችሁ፣ ወይ የላላውን ታሳጥራላችሁ፣ ወይ ሁለቱንም ታደርጋላችሁ። የዓይን ጡንቻ ቀዶ ሕክምናም ይኸው ነው። የውጭው ጡንቻ ከተጣበቀበት ተላቅቆ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ኋላ ይሰፋል፤ ይህ ማላላት ነው። የውስጠኛው ተቆርጦ አጥሮ በቦታው ይሰፋል፤ ይህ ማጥበቅ ነው። ወደ ኋላ የሚሄደው ርቀት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር ነው፤ በእነዚህ መሀል የ1 ሚሊሜትር ልዩነት በልጁ ፊት ላይ ይታያል። ጡንቻው የተጣበቀበት የዓይን ነጭ ደግሞ እዚያው ከጀርባው 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የሦስት የደብተር ወረቀት ውፍረት። መርፌው የሚያልፈው በእነዚህ ሦስት ወረቀቶች መሀል ነው። ዓይኑ ከጉድጓዱ አይወጣም፤ በሠፈር የሚወራው «ዓይኑን አውጥተው አጥበው ይመልሱታል» የሚለው ልብ ወለድ ብዙ እናቶችን ከመንገድ መልሷል።

ዛቡን የያዘው ግን ማነው? አንጎል ነው። ሁለቱ ዓይኖች የሚያመጡለትን ሁለት ምስል አንድ አድርጎ እስካነበበ ድረስ ሁለቱንም ዛብ እኩል ይዞ ይጓዛል። ምስሉን አንድ ማድረግ ሲያቅተው ወይም ሲደክመው የአንዱን ዓይን ምስል ችላ ይላል፤ ዛቡም ከእጁ ይላላል። እኛ በቢላና በክር የምናስተካክለው ዛቡን ነው። ጋላቢውን አንሰፋውም። እንግዲህ የዛሬው ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ዓይኑ ተሠርቶ እንደገና የሚሸሸው ለምንድን ነው?

የዚህ ሕክምና ታሪክ ራሱ ዓይን ዳግም በመሸሽ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 26 ቀን 1839 በበርሊን ዮሐን ፍሬድሪክ ዲፈንባኽ የተባለ ሐኪም ዓይኑ ወደ ውስጥ የገባ የ7 ዓመት ልጅ ጡንቻ ቆርጦ ለቀቀ። ኤተር የተባለው ማደንዘዣ በቀዶ ሕክምና ላይ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1846 ስለሆነ ያ ልጅ የተሠራው ሳይተኛ ነው። ዜናው አውሮፓን አዳረሰ፣ ብዙዎች ተከተሉት። ነገር ግን ጡንቻው ተቆርጦ ብቻ ሲተው ከጊዜ በኋላ የብዙዎቹ ዓይን ወደ ተቃራኒው፣ ወደ ውጭ ሄደ። ጡንቻን በሚሊሜትር ለክቶ መስፋት የመጣው ከዚያ ጥፋት ነው። አንዱ ኦፕራሲዮን የሌላውን ስሕተት እያረመ እዚህ ደርሷል ብል አልተጋነነም።

ዛሬም ቢሆን በሠለጠነው ዓለም፣ በሠለጠነ እጅ፣ ዓይኑ እንደገና ይሸሻል። በሰሜን አሜሪካ የሕፃናት ዓይን በሽታ ተመራማሪዎች ቡድን ከ3 እስከ 10 ዓመት የሆኑ 197 ልጆችን በሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ የሁለቱን ዓይኖች የውጭ ጡንቻ አላላ፤ ለሌሎቹ በአንድ ዓይን ላይ አንዱን አላልቶ ሌላውን አጠበቀ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ውጤት እንዲህ ነው፤ በ3 ዓመት ውስጥ ያልተፈለገ ውጤት የታየባቸው በመጀመሪያው ክፍል 46 ከመቶ፣ በሁለተኛው 37 ከመቶ ሆኑ። ልዩነቱ አንዱን ዘዴ ከሌላው ለማስበለጥ የሚበቃ አልነበረም። እኔ ቁጥሩን ያነበብኩ ዕለት የታወሱኝ የጃናሞራው አባት ናቸው። «የበደልነው ነገር ይኖር ይሆን?» ላሉት ይህ መልስ ነበር። ልብ በሉ፤ ያልተፈለገ ውጤት ማለት ሁሉም እንደገና ይቆረጣል ማለት አይደለም። ከእነዚያ ልጆች ለሁለተኛ ኦፕራሲዮን የገቡት ጥቂቶቹ ናቸው። ዓይኑ ትንሽ ቢወጣም ቶሎ የሚመልሰው፣ ሁለቱን ዓይን አጣምሮ የሚያይ ልጅ ዳግመኛ ሊቆረጥ አይገባውም። ሚሊሜትር ሳይቀር ቀጥ ይበል የሚለውን የወላጅ ጉጉት እረዳለሁ፤ ግን ለፎቶግራፍ ብለን ደህናውን ዓይን አንነካም።

ዓይኑ እንደገና የሚሸሽባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ጋላቢው አንጎል ወደ ቀድሞ ልማዱ ይመለሳል። ቆዳው የተለጠጠ ዛብ እንዳለ ሁሉ፣ ጡንቻው የተሰፋበት ጠባሳም በወራትና በዓመታት ሊለጠጥ ይችላል። አንዱ ዓይን መነፅር እየፈለገ ሳይደረግለት ከቀረ፣ ወይም ሰነፍ ዓይን የምንለው ደካማ ዓይን ሳይታከም ከቆየ፣ አንጎሉ አጣምሮ ለማየት የሚያበረታታው ነገር ያጣል። ለዚህ ነው መነፅርና ደህናውን ዓይን በቀን ለተወሰነ ሰዓት መሸፈን ከኦፕራሲዮኑ በፊትም በኋላም የሚታዘዘው። «ኦፕራሲዮን ከሆነ መነፅሩ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ኦፕራሲዮኑ የዓይኑን አቅጣጫ እንጂ የማየት ኃይሉን አይለውጥም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግራ እንዳያጋቧችሁ። ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ዓይኑ ጥቂት ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ልጁም «ሁለት ሁለት ይታየኛል» ሊል ይችላል። ወደ ውጭ የመመለስ ጠባዩን ስለምናውቅ ብዙ ጊዜ ይህን ጥቂት ትርፍ እንፈልገዋለን፤ በሳምንታት ውስጥም ይረግባል። ሳይረግብ ከቆየ ግን፣ በተለይ ከ4 ዓመት በታች ባለ ልጅ፣ አንጎሉ አንዱን ዓይን መተው ሊጀምር ስለሚችል ቶሎ መታየት አለበት። ሁለት ነገሮች ቀጠሮ አይጠብቁም። አንደኛው፣ ዓይኑ ወደ አፍንጫ በኩል ፈጽሞ አልሄድ ካለ፣ የተሰፋው ጡንቻ ከቦታው ተንሸራትቶ ሊሆን ይችላል፤ በቀናት ውስጥ ከተገኘ መልሶ መያዝ ይቀላል፣ ከቆየ ወደ ኋላ ሸሽቶ ፍለጋው ይከብዳል። ሁለተኛው፣ መግል፣ እየበረታ የሚሄድ ሕመም፣ የዓይን ብርሃን መቀነስ። እነዚህን ካያችሁ ሌሊትም ቢሆን ተነሡ።

ሁለተኛውን ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው የሚለየው ምንድን ነው? መጀመሪያ ሲገባ ሥጋው ንጹሕ ነው፣ ጡንቻው መጽሐፉ ባለው ቦታ ይገኛል። ሁለተኛ ሲገባ ጠባሳ አለ፤ ሽፋኑ ከጡንቻው፣ ጡንቻው ከነጩ ተጣብቋል። ቀስ ብሎ መፈልፈል ያስፈልጋል፤ ሰዓቱም ይረዝማል። በመጀመሪያው የሁለቱ ዓይን የውጭ ጡንቻ ላልቶ ከሆነ፣ በሁለተኛው ብዙ ጊዜ ያልተነካውን የውስጠኛውን ጡንቻ እናጠብቃለን፤ ያልተነካ ጡንቻ መለኪያውን ስለሚታዘዝ ነው። አስቀድሞ የተነካው መልሶ መነካት ካለበት የመጀመሪያው ሐኪም ስንት ሚሊሜትር እንደወሰደው ማወቅ ግድ ነው።

የደምም ጉዳይ አለ። ለዓይን የፊት ክፍል ደም የሚያደርሱት ስሮች በእነዚሁ ጡንቻዎች ላይ ተሳፍረው ነው የሚመጡት፤ በቀጥታ የሚስቡት አራቱ ጡንቻዎች በአብዛኛው 7 ይይዛሉ፣ የውጭው አንድ፣ ሌሎቹ ሁለት ሁለት። ጡንቻ በተቆረጠ ቁጥር ስሩም ይቆረጣል። የልጆች ዓይን ከአዋቂ ይልቅ ይችላል፤ ቢሆንም በአንድ ዓይን ላይ ብዙ ጡንቻ በአንድ ጊዜ አይነካም። ሁለተኛው ሐኪም የመጀመሪያው የነካውን ካላወቀ ይህን ሒሳብ በጭፍን ይሠራል። ሰመመን ሰጪውም ማወቅ አለበት፤ የዓይን ጡንቻ ሲሳብ የልብ ምት ሊቀንስ እንደሚችል ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። ሲቀንስ ሐኪሙ እጁን ያቆማል፣ ልብ ትመለሳለች፣ አስፈላጊ ከሆነ መድኃኒት ይሰጣል። ልጁ በሰመመን ስለሚተኛም፣ ጉንፋን ይዞት ከመጣ ወይም ማለዳ ቁርስ ከበላ ቀኑን እናስተላልፋለን። ከሩቅ መጥታችሁ ሲተላለፍባችሁ ያለውን ድካም አውቃለሁ፤ ይህን ግን አታስለምኑን።

የጃናሞራዋን ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ልንሠራ ስንነሣ የመጀመሪያው ካርዷ ሊገኝ አልቻለም። በአባቷ እጅ የነበረው ቁራጭ ወረቀት «የዓይን ጡንቻ ኦፕራሲዮን ተደርጓል» ከማለት በቀር አንዳች አይልም። የትኛው ጡንቻ? ስንት? የጻፍኩት ራሴ ነበርኩ። የራሴን ሥራ በጠባሳ ውስጥ ስፈልግ ያለፈችውን ያቺን ሰዓት አልረሳትም። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ክፍል የሚወጣ ልጅ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ይህ ይጻፍለታል፤ የተሠራው ዓይን፣ የተነካው ጡንቻ፣ ስንት ሚሊሜትር እንደላላ ወይም እንዳጠረ፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሩቅና ቅርብ ሲያይ የነበረው ልክ። ይህን ከሐኪሙ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከክርስትና ወረቀቱ ጋር አኑሩት። ስልክ ያለው ዘመድ ካላችሁ ፎቶ ያንሣላችሁ።

ወደ ቀጠሮ ነገር ስመጣ ጎንደር የምትኮራበት ታሪክ ትዝ ይለኛል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው ከደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ማግስት ነው። ከዚያ የወጡት ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች በቡድን ሆነው በሽተኛው እስኪመጣ ሳይጠብቁ ገጠር ይወርዱ ነበር። በሀገራችን የኦፕቶሜትሪ (የማየት ምርመራና የመነፅር ሙያ) ትምህርት የተጀመረውም እዚሁ ጎንደር ነው። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 ከመቶ ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ግማሽ ያህሉም በዓይን ሞራ መሆኑን ሲያሳይ፣ ትራኮማም ከዋናዎቹ መንሥኤዎች መሆኑ ሲታወቅ፣ ጥቂቱ የዓይን ሐኪም ጉልበቱን በዚያ ላይ ማዋሉ ትክክል ነበር። የልጆች ዓይን ጡንቻ ወረፋው ኋላ ቀረ። ብዙዎች አዲስ አበባ ድረስ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ድረስ ይሄዱ ነበር። አሁን እዚህም የዩኒቨርሲቲያችን ሆስፒታል ከፍተኛ የዓይን ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል አለ። ኦፕራሲዮኑ እዚህ ቢሠራም የሚፈጀው ሰዓት አይደለም ከባዱ፤ ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ነው። ልጁ በማግስቱ፣ በሳምንቱ፣ በ6ኛው ሳምንት፣ በ6ኛው ወር፣ ከዚያም ቢያንስ በየዓመቱ መታየት አለበት።

በየዳ ላለ ገበሬ ይህ ቀላል አይደለም። እስከ ደባርቅ በእግርና በበቅሎ፣ ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና፣ ከዚያ ማደሪያ። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በጸጥታው ምክንያት መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት ነበሩ። «ለምን ቀራችሁ?» ብሎ ገበሬን መቆጣት የእኛ የሐኪሞች መጥፎ ልማድ ነው። አዝመራ በሚሰበሰብበት በኅዳር ቀጠሮ የሰጠነው እኛ ነን። እኔ አሁን «ከ6 ወር በኋላ» አልልም፤ «ከግንቦት ሚካኤል ማግስት» እላለሁ፣ እናቶች አይረሱትም። በመሀል ያለውን ደግሞ ስልክ ይርዳን። ልጁን በጥላ ሥር አቁማችሁ ሩቅ ተራራ እያየ፣ ከዚያም ቅርብ እያየ በየወሩ አንድ አንድ ፎቶ አንሡት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልትረዳችሁ ትችላለች። ሽሽቱ በቀን አንዴ የነበረው ሁልጊዜ ከሆነ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ኑ።

ስለ ጸበልም ልናገር፤ ብዙዎቻችሁ በልባችሁ ይዛችሁታል። ጸበል ተዉ አልልም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሉት 2 ሳምንታት ግን ማንኛውም ውሃ ወደ ዓይኑ አይግባ፤ ከአንገት በታች ይጠመቅ። የነገርኳቸው ካህናት አንዳቸውም አልተቃወሙኝም። ኩልም አትኳሉት።

ያቺ ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ተሠራች። ከመግባቷ በፊት አባቷን አስቀምጬ፣ «አባቴ፣ ይህ ሊበቃት ይችላል፤ ላይበቃትም ይችላል። ቢመለስ የእርስዎም የእርሷም ጥፋት አይደለም፤ ያን ጊዜም እንመክራለን» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ያኔም እንዲህ ብለውኝ ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ እተኛ ነበር» አሉኝ። ዓይኗ እስካየኋት ጊዜ ድረስ ሲደክማት ትንሽ ይወጣ ነበር፤ ትመልሰዋለች። ሦስተኛ አልነካናትም።

ጥያቄያችሁን ልጆቻችሁ እየተመረመሩ ጠይቁኝ። ልጅ ይዛችሁ የመጣችሁ በመስኮቱ በኩል ተሰለፉ፤ ከሩቅ የመጣ ይቅደም። ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን የሆነ ልጅ ያላችሁ የድሮውን ወረቀት በእጃችሁ ያዙ። ወረቀቱ የጠፋባችሁም እንዳትመለሱ፤ ከጠባሳው የምናነበው ነገር ይኖራል።